ከዲግሪ በኋላስ? የዶክትሬት መንገድና የጀመዓችን ድርሻ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ዓምና ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ የመጨረሻ ዓመት ወንድማችን ወደኛ መጣ። ውጤቱ በክፍሉ ከላይ ከሚቆጠሩት ነው። «ስኮላርሺፑ ሦስት መምህራን የምስክርነት ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ይፈልጋል። ማንን ልጠይቅ?» አለን። አምስት ዓመት ሙሉ ፊት ወንበር ተቀምጦ ተምሮ፣ ፈተናውን በደንብ ሠርቶ ወደ ዶርሙ የተመለሰ ልጅ ነው። በስሙ የሚያውቀው መምህር ግን አንድም አልነበረም። ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን አለፈ።

እኛም አፈርን። በነዚያ አምስት ዓመታት ከኛ ጋር ደርስ ተቀምጧል፤ በረመዳን አብረን አፍጥረናል። «ከዲግሪ በኋላ ምን ታስባለህ?» ብሎ የጠየቀው ግን ከመካከላችን አልነበረም። የዚህ እትም ትምህርታችን ከዚህ ሐፍረት የመጣ ነው።

ግዴታው የማን ነው?

መድረሳ የተቀመጥን ሁሉ ፈርዱ ዐይንና ፈርዱ ኪፋያ የሚለውን ክፍፍል በልጅነታችን ተምረናል። አምስቱ ሶላት በእያንዳንዳችን ላይ ግዴታ ናቸው። የጀናዛ ሶላትን ግን የተወሰኑ ሰዎች ከሰገዱት ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልሰገደው ሁሉም ይጠየቃል። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ኪታባቸው ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱ ኪፋያ ውስጥ ቆጥረዋል፤ የሰው ኑሮ ያለነሱ አይቃናምና።

ዛሬ ሐኪሙንና መሐንዲሱን የሚያስተምረው፣ ምርምሩን የሚመራው፣ ምን ይጠና የሚለውን የሚወስነው በአብዛኛው ዶክትሬት የያዘ ሰው ነው። ስለዚህ ከመካከላችን የተወሰኑት እዚያ መድረሳቸው የነሱ የግል ምኞት ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። የሚሄደው ቢሄድ፣ የሚያግዘውም የድርሻውን አጅር እንደሚያገኝ ተስፋ እናደርጋለን።

መንገዱ ለኛ አዲስ አይደለም

የወሎን ደረሶች አስቡ። ነሕዉን ከአንዱ ሸይኽ ዘንድ ይቀራሉ፤ ፊቅሁን ፍለጋ ደግሞ ቀናት በእግር ተጉዘው ሌላው ዘንድ ይሄዳሉ። የሚሄዱት ቦታውን ብለው ሳይሆን ያንን ፈን አሳምሮ የሚያውቀውን ሰው ብለው ነው። የአካባቢው ሕዝብ ቀለባቸውን ይችላል፤ ነባሩ ደረሳ ለአዲሱ ያስቀራል፤ በመጨረሻም ሸይኹ ኢጃዛ ይሰጣል። ዶክትሬትም በመሠረቱ እንዲሁ ነው። አንድን ጥያቄ ይዞ፣ ያንን ጥያቄ የሚያውቅ ሰው ስር ተቀምጦ፣ ለማስተማር እስኪበቁ መቆየት ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ ከስሙ በፊት ማን ስር እንደምትቀመጡ ጠይቁ።

የዚህን ጥቅም ለማየት ሩቅ አንሂድ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር የነበሩት ሁሴን አሕመድ በ1985 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሲሠሩ የመረጡት ርዕስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና ነው። ጥናቱ ዳብሮ በ2001 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታተመ። በየሐሪማው የቀሩ የዐረብኛ ጽሑፎችንና የዑለማኦቹን ታሪክ ወደ ዓለም አቀፉ የታሪክ ጥናት ያስገባ ሥራ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ዱንያን ተለዩ፤ አላህ ይዘንላቸው። መጽሐፉን ግን ዛሬም በዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ተመራማሪ አያልፈውም። ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው ባይኖር መልሱም አይኖርም ነበር።

ከሌሎች ልምድ የምንማረው

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች በካልኩለስ በብዛት ይወድቁ ነበር። መምህራኑ «ፍላጎት የላቸውም»፣ «መሠረታቸው ደካማ ነው»፣ «ቤተሰባቸው አይደግፋቸውም» ይሉ ነበር። ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ ሰው 20 ጥቁር ተማሪዎችንና በዚሁ ትምህርት ጥሩ ውጤት የነበራቸውን 20 ቻይናውያን ተማሪዎች በቅርብ ተከታትሎ አየ። ግምቶቹ ሁሉ አልሆኑም። ጥቁሮቹ መምህሩ እንዳዘዛቸው በሳምንት 8 ሰዓት ያህል ያጠናሉ፤ የሚያጠኑት ግን ብቻቸውን ነው። ጓደኝነታቸው ሌላ ቦታ፣ ጥናታቸው ሌላ ቦታ ነበር። ቻይናውያኑ ወደ 14 ሰዓት ያጠናሉ፤ ብቻቸውን ከሠሩ በኋላ ማታ ተሰብስበው፣ አብረው እየበሉ አንዱ የሌላውን ሥራ ያርማል። ትራይስማን ከዚህ በመነሣት ተማሪዎቹ በቡድን የሚሠሩበትን መድረክ አዘጋጀ። የሰጣቸውም የማካካሻ ትምህርት አልነበረም፤ ከመደበኛው የከበዱ ጥያቄዎችን ነው። ውጤታቸው በግልጽ ተለወጠ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሜሪላንድ፣ ባልቲሞር ካውንቲ ዩኒቨርሲቲ ነው። በሳይንስና በምሕንድስና ዶክትሬት የሚይዙ ጥቁሮች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የሜየርሆፍ ፕሮግራም ተቋቋመ። በዓመቱ 19 ወንድ ተማሪዎችን ተቀበለ። በ1990 ሴቶችን ጨመረ፤ በ1996 ደግሞ ዓላማውን ለሚጋራ ተማሪ ሁሉ ተከፈተ። የሚሠራው ሥራ ውስብስብ አይደለም። ተማሪዎቹ መደበኛው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በክረምት ይሰበሰባሉ፤ በቡድን ያጠናሉ፤ በጊዜ ወደ ምርምር ላቦራቶሪ ይገባሉ፤ የቅርብ አማካሪ አላቸው፤ ቤተሰቦቻቸውም ይሳተፋሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮም ስለ ዶክትሬት ይነገራቸዋል። በኮሮና ክትባት ምርምር የታወቀችው ኪዝሜኪያ ኮርቤት ከዚሁ ፕሮግራም የወጣች ናት።

የኛ ሁኔታ ከነሱ ጋር አንድ ነው አንልም። በሽታው ግን ይመሳሰላል። እኛ ለደርስ፣ ለዚያራ፣ ለኢፍጣር በጀመዓ ነን፤ ደብተራችንን ስንከፍት ግን ብቻችንን ነን። የምንሰጠው ቱቶሪያልም ቢሆን ፍሬሽማን እንዳይባረር እንጂ የላቀ ውጤት እንዲያመጣ ታስቦ አይደለም።

ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ብዙዎቻችን ዶክትሬት የሀብታም ልጅ ነገር ይመስለናል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ፣ በምሕንድስናና በተፈጥሮ ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ይልቁንም እያስተማረ ወይም በምርምር ፕሮጀክት እየሠራ ይከፈለዋል። በሳዑዲ የሚገኘው የንጉሥ ዐብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚቀበላቸውን የዶክትሬት ተማሪዎች ወጪ ይሸፍናል። ስለዚህ በወለድ ብድር ውስጥ እንገባለን ብሎ የሚፈራ ወንድም ካለ ይህን ይወቅ። በአሜሪካ በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት ይቻላል፤ በአውሮፓ ግን በአብዛኛው ማስተርስ ይጠየቃል።

ማመልከቻውን የሚወስነው ግሬድ ብቻ አይደለም። ሥራችሁን ያየ መምህር የሚጽፈው ደብዳቤ ትልቅ ክብደት አለው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በአንድ ሳምንት አይገኝም። መምህሩን ቢሮው ሄዶ መጠየቅ፣ በምርምሩ ልርዳዎት ማለት፣ ፋይናል ፕሮጀክትን በቁም ነገር መሥራት ዓመታት ይፈልጋል። መምህርን ማክበር ከርሱ መራቅ አይደለም። ደረሳ ከሸይኹ አይርቅም።

ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ

አንደኛ፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለውን አንድ ምሽት በየዲፓርትመንቱ ለቡድን ጥናት እናድርገው። ጥያቄዎቹ ከፈተናው የከበዱ ይሁኑ። ጎበዙም ይምጣ፤ ማስረዳት ራሱ መማር ነውና።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሲኒየር ሁለት ጁኒየሮችን ይያዝ። በሴሚስተር አንድ ጊዜ «ከዲግሪ በኋላ ምን ታስባለህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮም «የትኛው መምህር ያውቅሃል?» የሚለውን ይጨምርበት።

ሦስተኛ፣ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ላይ ያሉ የቀድሞ የጀመዓችን አባላት ያመለከቱባቸውን ጽሑፎች እንዲያካፍሉን እንጠይቅ። ያልተሳካላቸውንም ጭምር፤ ካልተሳካው ብዙ ይማራሉና።

አራተኛ፣ እህቶቻችንን አንርሳ። በየዓመቱ በከፍተኛ ውጤት የሚመረቁ እህቶች አሉን፤ ሁሉም የሚጠይቃቸው ስለ ኒካሕ ብቻ ነው። ኒካሕ ኸይር ነው፤ ዒልምን ግን አይዘጋም። የጥናቱ ቦታና ሰዓት ለነሱም የሚመች ይሁን፤ አማካሪዎቻቸውም ከነሱው ሲኒየሮች ይሁኑ። ቤተሰብ ሲያመነታ ቀርቦ የሚያስረዳ ኡስታዝ ከጀመዓው ይመደብ።

በመጨረሻም ኒያችንን እናስተካክል። «ዶክተር» መባልን ብቻ ብሎ የወጣ ሰው፣ መንገዱ ረጅም ነውና መሃል ላይ ይደክማል። ሰው ይጠቀምበት ብሎ፣ አላህን አስቦ የወጣ ግን የደከመባት ሌሊት ሁሉ ትጻፍለታለች፤ ኢንሻአላህ።

ያ ወንድማችን ዘንድሮ አገር ውስጥ ማስተርስ ጀምሯል። አንድ መምህር በምርምራቸው አስገብተውታል፤ ለቀጣዩ ዓመት እንደገና ሊያመለክት ነው። ዱዓ አድርጉለት። ከዱዓው ጋር ደግሞ ዛሬ ማታ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ያንን ጥያቄ ጠይቁት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።