ክርስቲያን ነጋዴና አንዱ ሚዛን

በቀድሞ ዘመን በሀገራችን ክህነት፥ እርሻና ወታደርነት ሲከበሩ ንግድና የእጅ ጥበብ ግን ዝቅ ብለው ይታዩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ንግድ ያለ ሐሰት የማይሠራ፥ ትርፍም ከኃጢአት የማይለይ ይመስለዋል። ነጋዴውም በበኩሉ ይህንኑ አሳብ እንደ መሸሸጊያ ይዞ «ቤተ ክርስቲያን ሌላ፥ ገበያ ሌላ» ይላል። አንደኛው ሥራውን በመናቅ፥ ሁለተኛው ሥራውን ከሃይማኖቱ በመለየት ይሳሳታሉ። ስለዚህ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ነጋዴ ሰው ኑሮ የሚያስተምሩትን በአጭሩ እንመልከት።

ቅዱስ መጽሐፍ መሸጥንና መግዛትን አይንቅም። አባታችን አብርሃም ሚስቱን ሣራን የሚቀብርበትን ስፍራ ከኤፍሮን በፈለገ ጊዜ፥ ባለ መሬቱ በነጻ ሊሰጠው ቢናገርም እርሱ ግን 400 ሰቅል ብር በሰው ሁሉ ፊት መዝኖ ከፈለ (ዘፍ. 23)። በፊልጵስዩስ ከተማ የቅዱስ ጳውሎስን ቃል ሰምታ ከነቤተ ሰዎችዋ የተጠመቀችው ልድያ ቀይ ሐር የምትነግድ ሴት ነበረች፤ ሐዋርያውም ቤትዋን ለእንግድነት ተቀበለላት እንጂ ንግድሽን ተዪ አላላትም (ሐዋ. 16)። እርሱ ራሱም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር (ሐዋ. 18)። ፍትሐ ነገሥታችንም በሁለተኛው ክፍሉ ስለ ብድር፥ ስለ መያዣ፥ ስለ ሽያጭና ስለ ኪራይ በየአንቀጹ መደንገጉ፥ ገበያ ከሃይማኖት ሕግ ውጭ የሆነ ስፍራ አለመሆኑን ያሳያል።

የሀገራችንም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንደ ተረከው፥ ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ የተባለው ፍሬምናጦስ ገና ጵጵስና ሳይቀበል በአክሱም ቤተ መንግሥት ሳለ፥ ለንግድ የሚመጡትን የሮም ክርስቲያኖች እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲያዘጋጁ ያበረታታቸው ነበር። ንጉሡ ኢዛናም በ4ኛው መቶ ዓመት በክርስቶስ ካመነ በኋላ፥ ቀድሞ በገንዘቡ ላይ ይቀረጽ የነበረውን የጨረቃ ምልክት አስቀርቶ መስቀልን አስቀረጸበት። እንግዲህ መስቀል በሀገራችን በመቅደስ ብቻ አልተወሰነም፤ ከሻጭ እጅ ወደ ገዢ እጅ በሚተላለፈው ገንዘብ ላይም ታትሞ ገበያ ወጥቶአል። በዚያ ገንዘብ የሚያታልል ሰው በመስቀሉ ፊት ያታልል ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሥራው የተፈቀደ ሲሆን ፈተናው ብርቱ ነው። መጽሐፈ ሲራክ፥ ችንካር በሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ እንደሚሰካ ኃጢአትም በሻጭና በገዢ መካከል ባለችው ጠባብ ስንጥቅ እንደምትገባ ያስተምራል። ስለዚህ ስንጥቁ ወዴት ወዴት እንዳለ ማወቅ ይገባል።

አንደኛ፥ ስለ ሚዛን። በሙሴ ዘመን የሚዛን ክብደት ድንጋይ ነበረ፤ ነጋዴውም በከረጢቱ ይዞት ይዞር ነበር። አታላዩ ሰው በከባዱ ድንጋይ እየገዛ በቀላሉ ይሸጥ ስለ ነበር፥ ሕጉ በሁለት ሚዛን መመዘንን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን በከረጢት መያዝንም ከለከለ (ዘዳ. 25፥13-16)። ዛሬ ድንጋዩ ቀርቶአል፤ ከረጢቱ ግን አልቀረም። በርበሬ ከቀይ አፈር፥ ማር ከስኳር፥ ቅቤ ከሌላ ስብ ጋር ቀላቅሎ የሚሸጥ ሰው ሁለት ሚዛን አለው። የጣሳውን ቂጥ ወደ ውስጥ አጉብጦ የሚሰፍር፥ ለከተማ ሰው አንድ ዋጋ፥ ዋጋውን ለማያውቅ ባላገር ሌላ ዋጋ የሚጠራ፥ እርሱም ሁለት ሚዛን አለው። እንዲሁም አንዱን የሒሳብ መዝገብ ለራሱ፥ ሌላውን ለግብር ሰብሳቢ የሚጽፍ ሰው ያንኑ ከረጢት ተሸክሞአል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን የሚሠራበት የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ 15 ነው፤ የሚከፍለውም ገዢው ሲሆን፥ ይህን ግብር እንዲሰበስብ የተመዘገበው ነጋዴ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚያደርስ ባለ አደራ ነው። ከገዢው ተቀብሎ የሚያስቀረው እንግዲህ የራሱን ሀብት ሳይሆን የተሰጠውን አደራ ይበላል።

በዚህ ነገር በተለይ ጾምና በዓል አክባሪ የሆንን ሁሉ የነቢዩን የአሞጽን ቃል ልንፈራ ይገባናል (አሞ. 8፥4-7)። ነቢዩ የገሠጻቸው ሰዎች ሰንበትን የሻሩ አልነበሩም፤ በበዓል ቀን መደብራቸውን ይዘጉ ነበር። ነገር ግን ሥጋቸው በበዓሉ ሳለ ልባቸው በዓሉ የሚያልፍበትን ሰዓት ይቆጥር ነበር፤ መስፈሪያውን አሳንሰው፥ ክብደቱን አብዝተው፥ የስንዴውን ግርድ ለድኻ ለመሸጥ ይቸኩሉ ነበርና። እግዚአብሔርም ይህን ሥራቸውን እንደማይረሳ ማለ። በዓል ያከበረ እጅ በማግሥቱ ሚዛን ቢያጎድል በዓሉን ያከበረው ለማን ነው?

ገዢም ከዚህ ተግሣጽ ውጭ አይደለም። ዕቃውን እያጣጣለ በርካሽ ከወሰደ በኋላ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚመካውን ሰው ጠቢቡ ሰሎሞን አጋልጦታል (ምሳ. 20፥14)። የተቸገረች እናት ያመጣችውን ዶሮ ችግርዋን አይቶ ከዋጋው በታች የሚወስድ ሰው ሚዛን ባይዝም ሚዛን አጉድሎአል።

ሁለተኛ፥ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ። ሕገ ኦሪት የቀን ሠራተኛ ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ያዝዛል (ዘሌ. 19፥13)፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተከለከለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ያስተምራል (ያዕ. 5፥4)። ቦዔዝን እንመልከት። ወደ እርሻው በመጣ ጊዜ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም አላቸው፤ ለቃርሚያ የመጣችው እንግዳ ሩትም ሳታፍር እንድትለቅም ከነዶው ሆን ብለው እንዲጥሉላት አዘዘ (ሩት 2)። ዛሬ ግን በቅዱሱ መታሰቢያ ቀን ብዙ ሰው ጠርቶ የሚዘክር፥ በበሩ የቆመውን ዘበኛ ግን የሁለት ወር ደመወዝ ያስቀረበት ሰው ይገኛል። ያ ድግስ የማን ነው? ከዘበኛው ልጆች ሞሰብ የተወሰደ እንጀራ ነውና የዘከረው ዘበኛው ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ግን ባለ ድግሱ ነው።

ሦስተኛ፥ ስለ እጥረት ጊዜ። እህል የሚሰውረውን ሰው ሕዝብ እንደሚረግመው ተጽፎአል (ምሳ. 11፥26)። አንዳንዱ ግን «ዮሴፍስ እህል አከማችቶ የለምን?» ይላል። አዎን፥ አከማችቶአል፤ ነገር ግን ዮሴፍ በጥጋብ ጊዜ ሰብስቦ በረኃብ ጊዜ ጎተራውን ከፈተ (ዘፍ. 41)። የዛሬው ሰዋሪ ግን በችግር ጊዜ ሰብስቦ ዋጋ እስኪወጣ ይዘጋል። የአንዱ ቁልፍ ለመክፈት፥ የሌላው ለመዝጋት ነውና አንድ ሥራ አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ ማንም ትርፍ ኃጢአት ነው ብሎ አይረዳ። ነጋዴ ከሩቅ አምጥቶ፥ ኪራይ ከፍሎ፥ የሚበላሸውንና የሚጠፋውን ችሎ ያቀርባልና የድካሙ ዋጋ ይገባዋል። ነገር ግን ትርፉን የሚመረምርበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የዕቃውን ነገር ሁሉ፥ ጉድለቱን ጭምር፥ ለገዢው ገልጬ ብነግረው ይህን ዋጋ ልጠራለት እደፍራለሁን? ገዢው እኔ ብሆንስ እወድ ነበርን? የሚል ነው (ማቴ. 7፥12)።

«እኔ በእውነት ብመዝን፥ ጎረቤቴ በሐሰት እየመዘነ አርክሶ ሲሸጥ ደንበኛዬን ይወስድብኛል፤ ልጆቼስ ምን ይበላሉ?» የሚል አለ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በቀላል ቃልም ሊመለስ አይገባም። እውነተኛ ነጋዴ ሁሉ ባለጠጋ ይሆናል የሚል ተስፋ በወንጌል አልተጻፈም፤ አንዳንዱ ስለ እውነት ሊከስር ይችላል። ነገር ግን ዓለሙን ሁሉ አትርፎ ነፍሱን ያጎደለ ሰው ሒሳቡን በክሳራ ይዘጋል (ማቴ. 16፥26)። ደግሞም በየሰፈራችን እናት ልጅዋን ገንዘብ አስጨብጣ ያለ ሥጋት የምትልክበት ሱቅ አለ፤ መልሱ እንደማይጎድል፥ ዕቃውም እንደማይለወጥ ታውቃለችና። ይህ ስም በአንድ ቀን አይገኝም፤ በገንዘብም አይገዛም።

እስከ ዛሬ ያጎደለስ ሰው ምን ያድርግ? መንገዱን ዘኬዎስ አሳይቶታል። ጌታ በቤቱ በገባ ጊዜ የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች፥ ለበደላቸውም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19)። የበደለውን ሰው የሚያውቅ ለዚያው ሰው ይመልስ፤ የማያውቅ እንደ ሆነ በንስሐ አባቱ ምክር ለድኾች ይስጥ። ያጎደለውን ሳይመልስ ከዚያው ገንዘብ ጃንጥላና መጋረጃ ገዝቶ ለቤተ ክርስቲያን ቢያገባ ግን ኃጢአቱን አልከፈለም። ሲራክ ከድኾች ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርበውን ሰው ልጁን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር አስተካክሎታልና።

አባቶች ካህናት ሆይ፥ በዚህ የእኛም ድርሻ አለ። ነጋዴው ንስሐ ሊገባ ሲመጣ ስለ ጾሙና ስለ ስግደቱ እንጠይቀዋለን፤ ስለ ሚዛኑና ስለ ሠራተኛው ደመወዝ ግን ስንቶቻችን ጠየቅነው? ስጦታው ብዙ ስለ ሆነ ዝም ካልን፥ እኛም በከረጢታችን ለባለጠጋው አንድ፥ ለድኻው ሌላ ሚዛን ይዘናል።

እናንተም ነጋዴዎች ምእመናን፥ ነገ ጠዋት የመደብራችሁን በር ስትከፍቱ በስመ አብ ብላችሁ አማትባችሁ እንደምትከፍቱ እናውቃለን። ያማተበው እጅ ያው ሚዛኑን የሚይዘው እጅ ነው። በሁለቱም ሥራው አንድ እንዲሆን፥ ከእውነተኛው ፈራጅ ሚዛን ፊትም ጎድለን እንዳንገኝ፥ አምላካችን በቸርነቱ ይርዳን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።