አሮጌ መቅረጸ ድምፅ ሲሸጥ ሊታወቅ የሚገባው

መቅረጸ ድምፅ ማለት የሰውን ንግግር፣ ዜማንና የሙዚቃ መሣሪያን ድምፅ በክር ላይ ይዞ እንደ ገና የሚያሰማ መኪና ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ ድምፅ መያዝ ቀላል ስለ ሆነ፣ በትልልቅ ጥቅል ክር የሚሠራው መኪና በየጓዳው አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። በከተማችን በሱሉልታም ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ሲጣራ፣ እንዲህ ያለው መኪና ከተቀደደ ድስትና ከተሰበረ ወንበር ጋር ሊሰጥ ይችላል። መሸጡ ነውር አይደለም፤ ሳያውቁ መሸጥ ግን ጉዳት ነው። ስለዚህ መኪናው እንዴት እንደሚሠራ፣ ዋጋው በምን እንደሚታወቅና ሻጩ አስቀድሞ ምን ማድረግ እንደሚገባው በአጭሩ ለማስረዳት አስቤአለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1ኛ፤ ስለ መኪናው አሠራር

ድምፅን በማግኔት ኀይል የመያዝን ብልሃት የጀመረው ቫልደማር ፖልሰን የተባለ የዴንማርክ ሰው ነው። እርሱ በ1898 የሠራው መኪና ድምፅን የሚይዘው በብረት ሽቦ ላይ ነበር። በ1928 ፍሪትዝ ፍሎይመር በጀርመን አገር ደቃቅ የብረት ዱቄት በወረቀት ላይ ቀብቶ የመጀመሪያውን ክር አወጣ። በ1935 ደግሞ ማግኔቶፎን የተባለው መኪና በበርሊን ለሕዝብ ታየ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ማይክሮፎኑ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ኤሌክትሪኩም ባለሙያዎች ሄድ ወደሚሉት ትንሽ ማግኔት ይደርሳል፤ ክሩ በሄዱ ፊት ሲያልፍ በዱቄቱ ላይ የማግኔት ምልክት ይቀራል። ለመስማት ሲፈለግ ነገሩ ይገለበጣል፤ በክሩ ላይ ያለው ምልክት በሄዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፣ እርሱም በድምፅ ማጉያው ይሰማል። በስቱድዮ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ሄዶች ተከታትለው ይገኛሉ። የመጀመሪያው የቆየውን ድምፅ ይደመስሳል፤ ሁለተኛው አዲሱን ይቀርጻል፤ ሦስተኛው ያሰማል።

2ኛ፤ በአገራችን ስለ ሰጠው ጥቅም

በ1948 በወጣው ትእዛዝ መሠረት ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። በ1969 ግን አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ተደፋፍረው አምሃ ሪከርድስን አቋቋሙ፤ እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አሳተሙ። ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ስለ ነበረ ዜማው አስቀድሞ በክር ተቀርጾ ይላክ ነበር። እንግዲህ ክሩ እናት፣ ሸክላው ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ የዚያን ዘመን ሙዚቃ በተከታታይ እንደ ገና ሲያሳትም፣ የኢትዮጵያ ዜማ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰሚ አገኘ። የተቀረጸው ባይቀመጥ ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር።

ክር ያለ መኪና ግን ዲዳ ነው። በ2019 ዩኔስኮ ከድምፅ መዛግብት ባለሙያዎች ማኅበር ጋር ሆኖ ስለዚሁ ጉዳይ ለዓለም ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ምክንያቱም አብዛኞቹ ፋብሪካዎች መኪናውንና መለዋወጫውን መሥራት አቁመዋል፤ የሚጠግነውም ባለሙያ እያነሰ ሄዷል። የአሮጌ መኪና ዋጋ ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ ከብረቱ ክብደት አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ በ1967 የወጣው ሪቮክስ ኤ 77 የተባለው የስዊስ መኪና 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ለቆራሌው 15 ኪሎ ቁርጥራጭ ነው፤ ክር ላለው ሰው ግን አንደበት ነው።

3ኛ፤ ከመሸጥ በፊት ስለሚደረግ ፈተና

ሀ) ለብዙ ዓመታት ያልተሠራበትን መኪና በድንገት ኤሌክትሪክ ላይ መሰካት አይገባም። ካፓሲተር የሚባሉት የውስጥ ዕቃዎች በእርጅና ስለሚበላሹ ሊፈነዱ ወይም መኪናውን ሊያቃጥሉ ይችላሉ። አስቀድሞ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ይመልከተው።

ለ) ሄዶቹን በንጹሕ አልኮልና በጥጥ ጠርጎ ፊታቸውን ማየት ነው። ክሩ እየፋቀ ጐድጐድ ያለ መንገድ ካወጣባቸው ብዙ ሠርተዋል ማለት ነው። ክሩን የሚጫነው የጎማ መንኰራኵርም ደርቆ ወይም ተሰነጣጥቆ እንደ ሆነ ይታይ።

ሐ) ፍጥነቱ ይለካ። የተለመዱት ፍጥነቶች በሴኮንድ 38፣ 19 እና 9 ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው። በ19ኙ ፍጥነት በ30 ሴኮንድ ውስጥ 5 ሜትር ከ71 ሴንቲ ሜትር ክር ማለፍ አለበት። ስለዚህ ባዶ ክር ወስዶ ያንን ያህል ለክቶ፣ ሁለቱን ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጎ በሰዓት መቍጠር ነው።

እኔም በሰፈራችን በሚኖሩ አንድ አረጋዊ ቤት በተገኘ የአሜሪካ መኪና ይህን ፈተና አድርጌአለሁ። ክሩ በ30 ሴኮንድ ፈንታ በ36 ሴኮንድ አለፈ። ምክንያቱን የፊዚክስ መምህራችን በሰሌዳ ላይ እንዲህ ሲሉ አስረዱን። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ ግን 50 ጊዜ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ከ220 ወደ 120 ያወርዳል እንጂ ምልልሱን አይለውጥም። በምልልሱ መጠን የሚዞር ሞተር ያለው መኪና ስለዚህ በአገራችን ከስድስት እጅ አምስቱን ያህል ብቻ ይሮጣል። 36ን ለ30 ብናካፍል፣ 60ንም ለ50 ብናካፍል መልሱ አንድ ነው።

ይህ ነገር ከሒሳብ የሚያልፍ ጥቅም አለው። በዚህ ዘገምተኛ መኪና የተቀረጸ ድምፅ በዚያው መኪና ሲሰማ ትክክል ነው፤ በሌላ ትክክለኛ መኪና ቢሰማ ግን ይፈጥናል፣ ይቀጥናልም። አረጋዊው በዚያ ክር ላይ በሠርግ ቀን በኦሮምኛ የዘፈኑት የእናታቸው ድምፅ ነበራቸው። መኪናው በኪሎ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ክሩ ሣጥን ውስጥ ዲዳ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ ባለሙያ ከፈተሸው በኋላ ክሩን በዚያው መኪና እያሰማን ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥነው። መኪናው ቀጥሎ ተሸጠ፤ ገዢውም ፍጥነቱ ምን ያህል እንደሚጐድል ተነግሮት፣ አውቆ ገዛ።

4ኛ፤ ስለ አሻሻጡ

አንደኛ፣ ክር ያለው ሰው መኪናውን ሳይሸጥ ክሩን ያስገልብጥ። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበትና ጉም የሚወርድበት ስለ ሆነ እርጥበት ክርን ያሻግታል። የኮምጣጤ ሽታ የሚሸት ወይም ሲዞር ሙጫ እየሆነ የሚጣበቅ ክር በግድ እንዲዞር አይደረግ፤ ዱቄቱ ተልጦ ድምፁ ይጠፋልና ለባለሙያ ይታይ።

ሁለተኛ፣ የመኪናው ስምና ቍጥር፣ ቮልቱና ምልልሱ፣ ፍጥነቶቹ፣ የክሩ ስፋትና የመስመሮቹ ብዛት በወረቀት ይጻፍ። መቅረጽም ማሰማትም የሚችል መሆኑ ይገለጽ። ጕድለቱም አብሮ ይጻፍ። ገዢው ቤት ሲደርስ ከሚያገኘው ይልቅ ከሻጩ አፍ የሰማው ጕድለት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የመርካቶ ምናለሽ ተራ ብረትን በብረትነቱ የሚገዛ ነው። መኪናውን በመኪናነቱ የሚፈልጉት ግን ስቱድዮ ያላቸው ሰዎች፣ የአሮጌ ክር ባለቤቶች፣ የሬዲዮ ባለሙያዎችና የመዛግብት ቤቶች ናቸው። የማይሠራውም ቢሆን ሄዱና ሞተሩ ለሌላው መጠገኛ ይሆናል።

አራተኛ፣ ክሩን መሸጥ ዜማውን መሸጥ አይደለም። በ2004 በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 መሠረት ለድርሰቱም፣ ለተጫዋቹም፣ ለቀራጩም መብት ተጠብቆአል። ክሩ በእጁ ስላለ ብቻ ማንም ሰው የሌላውን ዘፈን አባዝቶ ሊነግድበት አይችልም።

እንግዲህ ወላጆቻችንና ጓደኞቼ ሆይ፣ በየቤታችን ጓዳ ምን እንዳለ እንመልከት። መኪናው ቢገኝ ሥራውን እንጠይቅ፤ ክሩ ቢገኝ የማን ድምፅ እንዳለበት በሣጥኑ ላይ እንጻፍ፤ ድምፁን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው። ይህ ከተፈጸመ በኋላ መኪናው ለሚያሠራው ሰው በተገቢው ዋጋ ቢሸጥ፣ ሻጩም ገዢውም ተጠቃሚዎች ይሆናሉ።