በቀን የታየ ተወርዋሪ ኮከብና የምስክርነት አማና



እስቲ ለአፍታ አስቡት። ከጓደኞቻችሁ ጋር ተራራ እየወጣችሁ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይዋም ወጥታለች። በድንገት ዓይን የሚያጥበረብር እሳት ሰማዩን ሰንጥቆ ያልፍና ከማዶ ካለው ሸንተረር ጀርባ ይሰወራል። ሁሉም ነገር ያለቀው በጥቂት ሰከንዶች ነው። ስልካችሁን ከኪስ እስክታወጡ የቀረው ጭስ የመሰለ መስመር ብቻ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?

ሱብሓነላህ ማለታችን አይቀርም፤ ደግሞም ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኞቻችን ወዲያው ማውራት እንጀምራለን። የዛሬው የጁሙዓ ትምህርታችን ከወሬው በፊት ስላለችው አጭር ጊዜ ነው። ያያችሁት ነገር ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት የሚተርፈው በዚያች ጊዜ ነውና።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። ተወርዋሪ ኮከብ ስንል ለመድነው እንጂ ኮከብ አይደለም። ሌሊት የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት ወይም ከጠጠር የማይበልጥ አካል ነው። በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየተወረወረ ወደ ከባቢ አየር ሲገባ ከፊቱ ያለውን አየር በኃይል ይጨፈልቃል፤ አየሩም እሱም ግለው ያበራሉ። በቀን፣ ፀሐይ ባለችበት ለመታየት ግን እጅግ ብሩህ መሆን አለበት። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንዴ እንኳ የማያየው።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንሂድ። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 1947፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ባሉት የሲኾቴ አሊን ተራሮች ላይ ከፀሐይ ይበልጥ የደመቀ የእሳት ኳስ ታየ። ሜድቬዴቭ የሚባል ሠዓሊ በዚያ አካባቢ ባለች ከተማ በመስኮቱ በኩል የሚታየውን ለመሣል ተቀምጦ ነበር። እሳቱ ሲያልፍ አየ፤ ያየውንም ወዲያውኑ መሣል ጀመረ። የነደደውን ኳስና ከኋላው የተጎተተውን የጭስ ጅራት ከከተማዋ ገጽታ ጋር አሰፈረው። ሥዕሉ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ በሶቭየት ኅብረት የፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አብራሪዎች የወደቀበትን ቦታ ከአየር ላይ አዩት። በበረዶ በተሸፈነው ደን ውስጥ ከ100 በላይ ጉድጓዶች ተገኙ፤ ትልቁ 26 ሜትር ያህል ስፋት አለው። የወደቀው ብረት ነበር፤ ከተገኙት ስብርባሪዎች ትልቁ 1,745 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ብረቱን መሬት ላይ ማንሳት ይቻላል፤ ከየት እንደመጣ ግን መሬቱ አይናገርም። የሶቭየቱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ፌሴንኮቭ በፀሐይ ዙሪያ የነበረውን ምህዋር ያሰላው ከዓይን ምስክሮች ቃል ተነስቶ ነው። በየቦታው ቆመው ያዩ ተራ ሰዎች ቃል ሲደመር ለሳይንስ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሠዓሊው የነበረባት ከተማ ያኔ ስሟ «ኢማን» ነበር። ይህን አንብቦ «ይህማ ምልክት ነው!» ብሎ ለማሰራጨት የሚቸኩል አይጠፋም። እውነቱ ግን ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በአቅራቢያዋ ካለው ወንዝ ነው፤ ከዐረብኛው ቃል ጋር ያላት ነገር የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። ያየነው ሌላ፣ እኛ የጨመርንበት ሌላ። ስህተት የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን ክፍተት ለሰሓቦቻቸው ዘግተውላቸዋል። በሰሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው አንድ ሌሊት ከሰሓቦች ጋር ተቀምጠው ሳለ ኮከብ ተወርውሮ አበራ። በጃሂሊያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ምን ይሉ እንደነበር ጠየቋቸው። ታላቅ ሰው ተወለደ ወይም ሞተ ይሉ እንደነበር መለሱ። እሳቸውም ለማንም ሞትም ሆነ ልደት ተብሎ እንደማይወረወር አስተማሯቸው። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድም ሰዎች ሁለቱን አያያዙ። ነገሩ ለልጃቸው ክብር የሚመስል ቢሆንም ዝም አላሉም፤ አረሟቸው። ስለ ሸይጧናት መወርወር በወሕይ የተነገረን የገይብ ጉዳይ ነው፣ እናምንበታለን። ዓይናችን ያየውን በትክክል መመዝገብ ግን ከዚህ ጋር አይጋጭም።

የሐዲስ ዑለሞቻችንም ለዚህ ስም አላቸው። ዘጋቢው የራሱን ማብራሪያ ከሰማው ቃል ጋር ቀላቅሎ ሲያስተላልፍ የተጨመረውን «ሙድረጅ» ይሉታል። ዘጋቢው ውሸታም ላይሆን ይችላል፤ ማብራሪያውም ትክክል ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ነጥለው ያወጡታል፣ ምክንያቱም ምስክርነትና አስተያየት አንድ አይደሉም።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1972 በአሜሪካ የሮኪ ተራሮች ላይ በጠራራ ፀሐይ የእሳት ኳስ ታየ። ከዩታ ተነስቶ ወደ ሰሜን እስከ ካናዳዋ አልበርታ ድረስ አለፈ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ከዚያ ተራራ ጀርባ ወደቀ» ይላል። ይኸኛው ግን የትም አልወደቀም። ለምድር በጣም በቀረበበት ጊዜ እንኳ 57 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነበር፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ ህዋ ወጣ። «ከተራራው ጀርባ ተሰወረ» ማለት ምስክርነት ነው። «ከተራራው ጀርባ ወደቀ» ማለት ግን ግምት ነው።

ስለዚህ አላህ እንዲህ ያለ ነገር ካሳያችሁ ይህን አድርጉ፦

1. ባላችሁበት ቁሙ። ቦታው ከተቀየረ አቅጣጫውም ይቀየራል፤ ገደል አጠገብ ሰማይ እያዩ መራመድም አደጋ ነው።

2. በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ መጀመሪያ የማይንቀሳቀሰውን ሣሉ፤ የሸንተረሩን ጫፍ፣ ዛፉን፣ ቋጥኙን። ከዚያ እሳቱ የታየበትንና የተሰወረበትን ነጥብ በቀስት አገናኙ። ተራራና ሰማይ ነፍስ የሌላቸው ናቸውና በመሣላቸው የሚጨነቅ አይኑር። ማማርም የለበትም።

3. ከፍታውን በእጃችሁ ለኩ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የጨበጣችሁት እጅ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል።

4. ሰዓቱን ጻፉ፤ ድምፅ ከመጣም ከስንት ጊዜ በኋላ እንደመጣ ቁጠሩ። ከ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ድምፅ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ከመስኮት ራቁ። በ2013 በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ከ1,000 በላይ ሰዎች ተጎድተዋል፤ ብዙዎቹ ብርሃኑ ካለፈ በኋላ በመጣው የአየር ግፊት በተሰባበረ መስታወት ነው።

5. ከጓደኞቻችሁ ጋር ከማውራታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ሣሉ። አንዱ «አረንጓዴ ነበር» ካለ፣ ሌላውም አረንጓዴ እንዳየ ሊመስለው ይችላል።

6. «አየሁ» እና «መሰለኝ» የሚሉትን ለያይታችሁ ጻፉ።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ምናልባት ብዙዎቻችን በቀን የሚታይ ተወርዋሪ ኮከብ አናይ ይሆናል። የባልና ሚስት ጠብ፣ የጎረቤት ክርክር፣ የገበያ ውል ግን በየሳምንቱ ዓይናችን ሥር ያልፋል። ሽማግሌ ፊት ቀርበን «አየሁ» ስንል ትዳር ሊፈርስ፣ የሰው ሐቅ ሊበላ ይችላል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክሮች መሆኑ ያስተምረናል። ሰው ይረሳል፤ ሲረሳ ደግሞ ክፍተቱን በሚመስለው ነገር ይሞላል። ወዲያው የተጻፈ ነገር ለባለቤቱም ለባለጋራውም ይጠቅማል። ስልካችሁ ላይ አንድ ወሬ ስታስተላልፉም ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን አየሁት፣ ሰማሁት ወይስ መሰለኝ?

ያ ሠዓሊ ያየውን ነው የሣለው። ነገ ዓይናችንም ጆሯችንም ልባችንም ይጠየቃሉ።

አላህ ያየነውን በእውነት የምንመሰክር፣ ያላየነውን «አላየሁም» ለማለት የማናፍር ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።

መልካም ጁሙዓ!