ስህተት ለምታሳውቅ ወጣት፦ ቱርሚ ላለችው የጤና መረጃ ባለሙያ

ልጄ፣ ቱርሚ ሆነሽ ወርሃዊውን ሪፖርት የምትሞዪበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ፕሮግራም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ዋና ሠሪዎቹ ያሉት ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያንቺን ስክሪን አያዩም። ስለዚህ አሳዪያቸው።

1. ችግሩ የማን እንደሆነ ለዪ። ከቅጹ የጎደለ ጥያቄ ካለ ኦስሎዎች አይጨምሩልሽም፤ ለዞኑ ጤና መምሪያ ንገሪ፣ ወደ ጤና ሚኒስቴር ያደርሰዋል። ወደ ሠሪዎቹ የሚኬደው ፕሮግራሙ ራሱ ሲስት ነው።

2. «አልሠራም» ብለሽ አትላኪ። «አመመኝ» ብሎ ዝም ያለ ታካሚ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ታውቂያለሽ። ምኑን እንደነካሽ፣ ምን እንደጠበቅሽ፣ ምን እንደመጣ በቅደም ተከተል ጻፊ። የፕሮግራሙንና የብራውዘሩን ቨርዥን ጨምሪ። የስህተት መልእክቱን እንዳለ ቅጂ። እንግሊዝኛሽ ቢሰባበር ግድ የለም፤ አጭር ይሁን።

3. ላንቺ ተራ የሆነውን አስረጂ። አጥብቄ የምመክርሽ ይህን ነው። ጳጉሜን የምትባል 13ኛ ወር እንዳለችን፣ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን እንደምትሆን፣ የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 እንደሚጀምር፣ ጠዋት 1 ሰዓት ስንል እነሱ 7 እንደሚሉ፣ ከስማችን የሚከተለው የአባት እንጂ የቤተሰብ ስም እንዳልሆነ ለኮድ ጸሐፊው ማንም ላይነግረው ይችላል። ፕሮግራሙ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ይቀበላል። ቢሆንም ቀን የተዛባ ሲመስልሽ ሁለቱንም ጻፊ፦ «ጳጉሜን 6 ቀን 2015፤ በእናንተ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023»። እንዲህ ያለ ስህተት በአራት ዓመት አንድ ቀን ብቻ ብቅ ሊል ይችላል፤ ያየሽው ዕለት ካልመዘገብሽው ኦስሎ ተቀምጦ የሚያገኘው የለም።

4. የታካሚ ስም ያለበትን ስክሪን ፎቶ አንስተሽ ፈጽሞ አትላኪ። የምትልኪውን ዓለም ሁሉ ያየዋል።

5. አዲስ ነገር ስትጠይቂ ከመፍትሔው በፊት ችግርሽን ንገሪ፤ ማስረጃም አያይዢ። ከእናንተ ብዙም የማይርቁት ባስኬቶዎች የሚጽፉባቸው ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላት በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 6.0 ውስጥ ገብተዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያልፈው ፊደሉ በእርግጥ እንደሚጻፍበት ናሙና ሲቀርብ ነው። አንቺም «ይህ ቁልፍ ይጨመር» ከማለት «ኔትወርክ መሃል ላይ ሲቋረጥ የሞላሁት ይጠፋል፤ እንደገና ከወረቀት እገለብጣለሁ» በዪ። መፍትሔውን ካንቺ የተሻለ ሊያስቡት ይችላሉ።

6. ችግሩ ቀድሞ የተነገረ መሆን አለመሆኑን ፈልጊ። ካለ ያንቺን ከሥሩ ጨምሪበት።

7. ከላክሽ በኋላ አትጥፊ። ጥያቄ ይመጣልሻል፤ ኔትወርክ ያገኘሽ ዕለት መልሺ። ማስተካከያው ወጥቶ ጤና ጣቢያችሁ ሲደርስ ያንኑ ቅጽ ሙዪና ሞክሪው፤ አሁንም ከሳተ ቀድሞ ያሳወቅሽበትን የመዝገብ ቁጥር ጠቅሰሽ ንገሪያቸው።