በደኖቻችን ወለል የሚኖሩ ጥቃቅን ጉንዳኖች፤ እንዴት እንመለከታቸዋለን? እንዴትስ እንለያቸዋለን?

የቤተ ክርስቲያን ደን ሲነሣ ዓይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በጥዱ፣ በወይራውና በዝግባው ላይ ነው። ከዛፎቹ ሥር በረገፈው ቅጠል ውስጥ ግን ርዝመታቸው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ጉንዳኖች ይኖራሉ። ጠቢቡ ሰሎሞን ታካቹን ሰው ከገብረ ጉንዳን ይማር ዘንድ ልኮታል፤ እኛም በዚህ ትምህርት ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት አባቶች እነዚህን ፍጥረታት የመመልከትና የመለየት መንገድ እናቀርባለን።

ጉንዳን ሁሉ በብዙ ሺህ ሆኖ በሰልፍ አይጓዝም። ስትሩሚጄኒስ የተባለው ወገን በአፍሪካም በሌሎች ሞቃት አገሮችም ይገኛል፤ ማኅበሩ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደርዘን እስከ ጥቂት መቶ ሠራተኞች ብቻ ይይዛል። ጎጆውን በበሰበሰ ጭራሮ፣ በድንጋይ ሥርና በቅጠል ብስባሽ ውስጥ ያደርጋል፤ በቅጽበት በሚገጥሙ መንጋጋዎቹም ኮሌምቦላ የተባሉትን ተፈናጣሪ ጥቃቅን ፍጥረታት ያድናል። ስለዚህ ብስባሹ ሲጠረግ ወይም ሲቃጠል ቤቱም ምግቡም አብሮ ይጠፋል።

ለመመልከት ነጭ ጨርቅ፣ ዐይኑ ሰፋ ያለ ወንፊትና ማጉያ መነጽር ይበቃሉ። ከዝናብ በኋላ አፈሩ እርጥብ ሳለ ከ1 ካሬ ሜትር ላይ ቅጠሉን ሰብስበን በጨርቁ ላይ እንነፋለን። እነዚህ ጉንዳኖች ሲነኩ እንደ ሞተ ሆነው ጸጥ ስለሚሉ ቢያንስ 10 ደቂቃ ታግሠን እንጠብቅ። የቸኮለ ተመልካች አፈር ብቻ አይቶ ይሄዳል። ስንጨርስም ቅጠሉን ወደ ቦታው እንመልስ።

ለመለየት ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል እንይ። አንደኛ፣ ምስጥ አለመሆኑን እናረጋግጥ፤ የምስጥ አንቴና ቀጥ ያለ፣ ወገቡም ወፍራም ነው፤ የጉንዳን አንቴና ግን እንደ ክርን የታጠፈ፣ ወገቡም የቀጠነ ነው። ሁለተኛ፣ በወገቡ ላይ ያሉትን ጉብታዎች እንቁጠር፤ ስትሩሚጄኒስ ሁለት አለው። ሦስተኛ፣ ራሱን ከላይ እንመልከት፤ ከኋላ ሰፍቶ ወደ አፉ እየጠበበ የልብ ቅርጽ ከያዘ ከዚሁ ወገን ሊሆን ይችላል። የዝርያውን ስም ግን በዓይን ብቻ አንወስንም፤ አንድ ሁለቱን በአልኮል አስቀምጠን፣ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈን በአቅራቢያችን ላለ የዩኒቨርሲቲ ባለሙያ እናሳይ።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? በሰሜን ኢትዮጵያ በቤተ ክርስቲያን ደኖችና በአካባቢያቸው የተደረገ ጥናት፣ ሌፒሲዮታ ካኔሰንስ የተባለ አገር በቀል ጉንዳን እስከ 38 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ታላቅ ማኅበር መመሥረቱን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ጉንዳን በሚበዛበት ሥፍራ ትንንሾቹ ማኅበራት መኖር አለመኖራቸውን ሊናገር የሚችለው በየጊዜው የተመለከተና የመዘገበ ብቻ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ከደኑ መካከል፣ ከዳሩና ከሚጠረገው ቅጥር ግቢ እኩል ስፋት ያላቸውን ቦታዎች መርጦ በክረምት መግቢያና መውጫ ይመልከት፤ ያገኘውንም በመዝገብ ያኑር። ለበዓል ግቢው ሲጸዳ መጥረጊያው ወደ ደኑ ውስጥ እንዳይዘልቅ፣ የወደቀውም ግንድ ለማገዶ ሳይነሣ በሥፍራው እንዲበሰብስ ይወስን። ወለሉ የተራቆተ ደን ጉንዳኑን ብቻ ሳይሆን የነገውን ችግኝ የሚያሳድገውን እርጥበትም ያጣልና።