የጉብኝት ዘገባ አጻጻፍ፦ መተማ ዮሐንስ

ባለፈው ትምህርት ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ተመልክተናል። አሁን ደግሞ አንድን ታሪካዊ ስፍራ ጎብኝቶ የተመለሰ ተማሪ ያየውንና የሰማውን ላላየው ሰው በጽሑፍ የሚያስረዳበትን መንገድ እንመለከታለን። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የጉብኝት ዘገባ ይባላል። ለምሳሌ የመረጥነው ስፍራ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሱዳን ጠረፍ የምትገኘው መተማ ዮሐንስ ናት።

የጎንደርን አብያተ መንግሥት ወይም ላሊበላን የሚጎበኝ ተማሪ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ድንጋይ አያጣም። መተማ ላይ ግን አስቀድሞ የሚቀበለው ገበያ፣ የጭነት መኪና፣ የሰሊጥ ጆንያ፣ ከጠረፉ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ሰው ነው። ንጉሠ ነገሥት የወደቁበት ምድር ዛሬ ሰው የሚሸጥበትና የሚለውጥበት፣ ልጅ የሚያሳድግበት ከተማ ሆኗል። እንዲህ ባለው ስፍራ ታሪኩን ከዓይን ይልቅ ጆሮና መጽሐፍ ያቀብላሉ። ስለዚህ ዘጋቢው ያየውን፣ የሰማውን፣ ያነበበውንና የገመተውን ለይቶ መጻፍ ይገባዋል።

ማንኛውም ጎብኚ አስቀድሞ የነገሩን ሥር ማወቅ አለበት። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት፣ በማህዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ። በዚህም የተነሣ የማህዲስቶቹ ጠላትነት ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። በጥር 1880 ዓ.ም. አዝማቻቸው ሐምዳን አቡ አንጃ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትንም አቃጠለ። በሚቀጥለው ዓመት ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ልከው፣ ድኻው በከንቱ እንዳያልቅ፣ ይልቁንም ከአውሮፓ በሚመጣው ባላጋራ ላይ እንዲተባበሩ ጠየቁ፤ የመጣላቸው መልስ ግን ስድብ የተቀላቀለበት እንቢታ ነበር። አቡ አንጃ ከጦርነቱ በፊት ሲሞት ዘኪ ጠማል ተተካ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በእሾህ አጥር የተከለለውን የማህዲስቶች ምሽግ ባንድ ወገን ጥሶ ገባ። ድሉ በእጁ የገባ መስሎ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ ወሬው ሲሰማ ሠራዊቱ አፈገፈገ፤ እርሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ ይመለስ የነበረውን ክፍል ማህዲስቶቹ በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ይህን ሁሉ መተማ ሳትሄዱ ማንበብ ትችላላችሁ። ታዲያ መሄዱ ምን ይጨምራል? ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ የሚያልፈው መንገድ መልሱን ይሰጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን፣ መተማ ዮሐንስ ወደ 700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ማለዳ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ተማሪ ከቀትር በኋላ ሸሚዙም ይከብደዋል። መጋቢት በቆላው የጋለ ወር ነው፤ የእጣን ዛፉ ቅጠሉን አርግፎ ይቆማል፤ ሣሩ ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ተማሪው የውኃ ዕቃውን ደጋግሞ ሲያነሣ ከደጋ የወረደው ሠራዊት ትዝ ይለዋል። ይህን መጽሐፍ ሊያቀምሰው አይችልም። (መምህሩ ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ውኃውም መብቃቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።)

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ። ከጉብኝት የተመለሰ አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«ዐፄ ዮሐንስ በዚህ ዛፍ ሥር ቆስለዋል። ሠራዊቱ በውኃ ጥም ምክንያት ተሸንፏል። ደርቡሾች ከእኛ ይበዙ ነበር ይባላል።»

ጽሑፉ ሲነበብ ይጥማል፤ ሲመረመር ግን ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ይፈርሳሉ። ስሕተቱ በብዛት የሚገኘው በማሰሪያ አንቀጹ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ቆስለዋል» የሚለው የቅርብ ኃላፊ ነው። ይህ ጊዜ ያለፈውን ድርጊት ከአሁኑ ሁኔታ ጋር ያያይዛል፤ ቆስለዋል የተባሉትን ሰው አንባቢው ሐኪም ቤት ሄዶ ሊጠይቃቸው ይዳዳዋል። ለጥንት ታሪክ ትረካ የሚስማማው ተራው ኃላፊ «ቆሰሉ» ነው። «ቆስለው ነበር» የሚለው የሩቅ ኃላፊ ደግሞ ከእርሱ በኋላ የሆነ ሌላ ድርጊት ሲኖር ይገባል፤ «ጦሩ ሲያፈገፍግ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው ነበር» እንደ ማለት። ስለ ዛፉስ ማን ነገረው? ያየው ዛፉን እንጂ ቁስሉን አይደለም። ስለዚህ «ንጉሠ ነገሥቱ የቆሰሉት በዚህ ዛፍ አጠገብ መሆኑን አንድ አዛውንት ነገሩን» ቢል እውነቱን ይጽፋል፤ ንግግሩም ባለቤቱን ያገኛል።

ሁለተኛው ግምት ነው። ሙቀቱን የቀመሰ ተማሪ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን «ተሸንፏል» ብሎ ሲያስር ግምቱን ማስረጃ አደረገው። «ጥሙ ሠራዊቱን ሳያዳክም የቀረ አይመስለኝም» ቢል ኖሮ አንባቢው የማን አሳብ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

በሦስተኛው «ይባላል» የሚለውን ተመልከቱ። ይህ ግስ ለሰነፍ ጸሐፊ መሸሸጊያ ነው፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ አይገልጽም። የሁለቱ ወገን ጦር ብዛት በየመጽሐፉ ስለሚለያይ ቁጥር የሚጠቅስ ተማሪ የመጽሐፉን ስም አብሮ ይጥቀስ። «ደርቡሽ» የሚለውም አባቶቻችን የጠሯቸው ስም ነው፤ በሰው ንግግር ውስጥ ሲመጣ እንዳለ ይጻፍ፣ በራሳችሁ ቃል ስትተርኩ ግን ማህዲስቶች በሉ።

አረጋውያንን ስትጠይቁ በአክብሮት ቀርባችሁ፣ «አባባ፣ ይህን ታሪክ ከማን ሰሙት?» በሉ። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ያን ቀን ያየ ዛሬ በሕይወት የለም። «ከአያቴ» ካሉ አያታቸው የት እንደኖሩ ጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ የሚነግሯችሁ የ1881ን ሳይሆን የ1933ን ውጊያ ይሆናል፤ በዚያ ዓመት በጥቅምት የእንግሊዝ መንግሥት ጦር፣ በብዛት ሕንዳውያን ያሉበት፣ ጣሊያኖችን ገላባት ላይ ገጥሞ ምሽጉን ሲይዝ መተማን ግን ሊይዝ አልቻለም። ሁለቱን ጦርነቶች ያደባለቀ ዘገባ ስንት ጊዜ እንዳነበብን!

ከመተማ ዮሐንስ ማዶ፣ ከጠረፉ ወዲያ፣ የሱዳኗ ገላባት ትታያለች። እዚያ የሚማር እኩያችሁ ስለዚያው ቀን ሲጽፍ የሚመርጠው ግስ «ድል አደረግን» የሚል ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች በዚሁ ጠረፍ ተሻግረው ነፍሳቸውን ለማትረፍ ወደ መተማ መጡ። ዘገባችሁን ስትጽፉ ከእነዚህ ተሻጋሪዎች አንዱ አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚያነበው ይመስል ጻፉ። «ጠላት» የሚለውን ቃል የምታኖሩበትን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ እንድትመረምሩት ያስገድዳችኋል።

መልመጃ

1. ከላይ የተጠቀሰውን የተማሪውን ጽሑፍ አርማችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ያየውን፣ የሰማውንና የገመተውን በማሰሪያ አንቀጹ ለዩ።

2. «ወደቀ፣ ወድቋል፣ ወድቆ ነበር» የሚሉትን በሦስት ዓረፍተ ነገር አግቡ፤ ለምን እንደመረጣችኋቸውም ግለጹ።

3. መተማ መሄድ ካልቻላችሁ በአቅራቢያችሁ ሰው የሚኖርበትን አንድ ታሪካዊ ስፍራ፣ ገበያም ሆነ የወንዝ መሻገሪያ፣ ጎብኝታችሁ የሁለት ገጽ ዘገባ ጻፉ። ቢያንስ ከአንድ አረጋዊ የሰማችሁት ይኑርበት፤ እርሳቸውም ከማን እንደሰሙት ይገለጽ። «ይባላል» የሚለውን ግስ እንዳትጠቀሙ።