ኦዲሽን ምንድን ነው? እንዴትስ እንዘጋጅ?

በዚህ ዕትም የምንማማረው ስለ ኦዲሽን ነው። ርእሱን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በሰፈራችን ወጣት ማዕከል በር ላይ «ለመድረክ ቴአትር ተዋንያን እንፈልጋለን፤ ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሁለተኛ፣ ብዙ ተማሪዎች ማስታወቂያውን አንብበው «ኧረ ተዉት፣ እሱ ለሚያውቋቸው ልጆች ነው» እያሉ ሲያልፉ ሰምቻለሁ። እኔም አምና እንደዚያው ብዬ ነበር። ከዚያ ግን ሄድኩ። አላለፍኩም፤ ግን ብዙ ተማርኩ። የተማርኩትን በተራ በተራ ልንገራችሁ።

1. ኦዲሽን ማለት ምን ማለት ነው?

ኦዲሽን ማለት ቴአትር መጠናት ከመጀመሩ በፊት አዘጋጁ የትኛው ሰው የትኛውን ገጸ ባሕርይ ቢጫወት እንደሚሻል የሚያይበት ሙከራ ነው። በአማርኛ የተዋናይ ምርጫ ወይም ምልመላ ልንለው እንችላለን። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት እነዚህን ቃላት እንወቅ።

ተውኔት፦ ለመድረክ የተጻፈው ድርሰት ነው።
ገጸ ባሕርይ፦ በተውኔቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ለምሳሌ አባት፣ ነጋዴ፣ ተማሪ።
ቃለ ተውኔት፦ ገጸ ባሕርዩ የሚናገረው ነገር ነው።
መነባንብ፦ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ የሚያቀርበው ንግግር ነው።
አዘጋጅ፦ ተውኔቱን ከወረቀት ወደ መድረክ የሚያመጣ፣ ተዋንያንን የሚመራ ሰው ነው።
ጥናት፦ የቴአትር ሰዎች ልምምዱን «ጥናት» ይሉታል። ለፈተና የምናጠናው እንዳይመስላችሁ!
አስታዋሽ፦ ተዋናይ ቃሉን ሲረሳ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ቀስ ብሎ የሚያቀብል ሰው ነው።

2. «ክፍት» የሚለው ቃል ለምን ያስፈልጋል?

ተዋናይ በሁለት መንገድ ሊመረጥ ይችላል። አንዱ አዘጋጁ የሚያውቃቸውን ሰዎች ጠርቶ «አንተ ይህን ተጫወት፣ አንቺ ያንን» ሲል ነው። ሁለተኛው ማስታወቂያ አውጥቶ የፈለገ ሁሉ መጥቶ እንዲሞክር ሲያደርግ ነው። ይህ ሁለተኛው ክፍት ኦዲሽን ይባላል።

በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር የቆየ ታሪክ አለው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው፤ ከተጻፈ መቶ ዓመት አልፎታል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በሚል ስም ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ነበር። እስቲ አስቡት፣ እናት የምትሆነው ወንድ፣ ሙሽራ የምትሆነውም ወንድ! በዚያ ጊዜ ጎበዝ ሴቶች አልነበሩም ማለት አይደለም። በሩ ዝግ ስለነበር አልታዩም ማለት ነው። በር ሲዘጋ ውጭ የቀረው ሰው ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ውስጥ ያለው ቴአትርም ይጎዳል። «ክፍት» የሚለው ቃል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

3. በዕለቱ ምን ይደረጋል?

የእኛ ሰፈር ኦዲሽን ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

ሀ) ምዝገባ፦ ስም፣ ዕድሜና የወላጅ ስልክ ይጻፋል። ለጥናት የትኞቹን ቀናት መምጣት እንደምንችል ይጠየቃል። ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ጥናት ላይ የሚቀር ልጅ ሌሎቹን ሁሉ ያስቆማል።
ለ) መነባንብ፦ እያንዳንዱ ልጅ አጭር ነገር አዘጋጅቶ ያቀርባል።
ሐ) ንባብ፦ ከተውኔቱ አንድ ገጽ ይሰጥና ሁለት ሁለት ሆነን እናነባለን።
መ) ድጋሚ፦ አዘጋጁ «አሁን ደግሞ እንዲህ አድርገህ ሞክር» ይላል። ዋናው ይሄ ነው። ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ እኔን ጨምሮ።

4. የእኔ ስህተት

እናቷ የታመመችባት ልጅ የምትናገረውን መነባንብ መርጬ ሦስት ቀን ሸመደድኩ። ተራዬ ሲደርስ በቴሌቪዥን ድራማ እንዳየሁት እያለቀስኩ፣ እየጮህኩ፣ ደረቴን እየደቃሁ አቀረብኩት። ስጨርስ ላቤ ጠብ ጠብ ይል ነበር። በልቤ «በቃ አለፍኩ» አልኩ።

አዘጋጁ «ጎሽ» አሉኝ። ቀጥለው «አሁን ደግሞ እናትሽ እዚሁ አጠገብሽ ተኝታለች። እንዳትቀሰቅሻት አድርገሽ ንገሪን» አሉኝ። እኔ ግን «አልበቃንም» ያሉኝ መሰለኝ። ከበፊቱ የባሰ ጮህኩ። ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች ሳቁ።

ከእኔ ቀጥሎ የገባው ልጅ ዓይን አፋር ነበር። መጀመሪያ ሲናገር ድምፁ እየተንቀጠቀጠ አልሰማ አለን። አዘጋጁ «መጨረሻ ወንበር ላይ ያሉት አልሰሙህም፤ ለእነሱ ንገራቸው» አሉት። ልጁ ቀና ብሎ የኋላውን ወንበር አየና ለእነሱ ነገራቸው። አልጮኸም። ዝም ብሎ ነገራቸው። ሁላችንም ሰማነው።

ሰኞ የስም ዝርዝር ተለጠፈ። ስሜን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግኩት። የለም። የዚያ ልጅ ስም ግን አለ። ቤት ገብቼ «ድሮም ዘመድ ያለው ነው የሚያልፈው» አልኩ። እማዬ እንጀራ እየጋገረች ነበር። «ልጁ የማን ዘመድ ነው?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። «ካላወቅሽ ሰው አትሚ። ሄደሽ ጠይቂ፤ መጠየቅ አያሳፍርም» አለችኝ።

በማግስቱ ሄጄ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ያላለፍኩት?» ብዬ ጠየቅኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። አዘጋጁ አልተቆጡም። «የኔ ልጅ፣ ድምፅሽ ጥሩ ነው። ሌላ መንገድ ሳሳይሽ ግን አልሰማሽኝም። ጥናት ማለት ሁለት ወር ሙሉ እንደገና፣ እንደገና ነው። እኔ የምፈልገው የሚሰማ ልጅ ነው» አሉኝ። እንደዚያ ይሉኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኦዲሽን የመናገር ፈተና ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የመስማትም ፈተና ነው!

5. እንዴት እንዘጋጅ?

አሁን ከስህተቴ ተነስቼ የምመክራችሁ እነዚህን ነው።

አንደኛ፣ አጭር ነገር ምረጡ። ከሁለት ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ገጸ ባሕርዩ ለዕድሜያችሁ ቢቀርብ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ ከመሸምደዳችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የምናገረው ለማን ነው? ከሱ ምን እፈልጋለሁ? የት ነው ያለነው? እኔ ቃሉን እንጂ እነዚህን አላወቅኩም ነበር። ለማን እንደምናገር ባውቅ ኖሮ የታመመች እናቴ አጠገብ አልጮህም ነበር።

ሦስተኛ፣ ያንኑ ነገር በሦስት መንገድ ተለማመዱ። አንዴ ተቆጥታችሁ፣ አንዴ እየቀለዳችሁ፣ አንዴ ምሥጢር እንደምትናገሩ ሆናችሁ ሞክሩት። እንዲህ ካደረጋችሁ «ለውጠው» ስትባሉ አትደነግጡም።

አራተኛ፣ ድምፅን ከጩኸት ለዩ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የተረኩትን እስቲ አዳምጡ። ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ ያውቁታል። አንድ ሰው ብቻቸውን ሆነው የስንቱን ገጸ ባሕርይ ድምፅ ያወጣሉ! ዝግ ሲሉ እንኳ ቃሉ አይጠፋም። ለመለማመድ ጓደኛችሁን ክፍሉ መጨረሻ ላይ አስቀምጡና ሳትጮሁ እንዲሰማችሁ አድርጉ። አፋችሁን በደንብ ክፈቱ፤ የቃሉን መጨረሻ አትዋጡ።

አምስተኛ፣ ሌላው ሲያነብ አዳምጡ። ሁለት ሆናችሁ ስታነቡ የራሳችሁን ተራ ብቻ አትጠብቁ። ጓደኛችሁ የሚለውን ሰምታችሁ መልሱለት።

ስድስተኛ፣ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ለወላጅ ንገሩ፤ የሚያንቀሳቅስ ልብስ ልበሱ። አዲስ ልብስ አያስፈልግም። መልክና ልብስ አያሳልፍም።

6. ካላለፍንስ?

አለማለፍ ሁልጊዜ ጎበዝ አለመሆን ማለት አይደለም። እኔ ሳልሰማ ቀርቼ ነው የወደቅኩት፤ እሱን አምናለሁ። ግን አንዳንዴ ምክንያቱ ሌላ ነው። ለምሳሌ እህትና ወንድም የሚሆኑ ልጆች ከተፈለጉ ቁመታቸውና ዕድሜያቸው መመጣጠን አለበት። አራት ገጸ ባሕርይ ላለው ተውኔት 30 ልጅ ከመጣ 26ቱ መቅረታቸው አይቀርም። ስለዚህ ስማችሁ ከሌለ አትሸሹ። በትሕትና ምክንያቱን ጠይቁ።

ሌላው ደግሞ ቴአትር ቤት ተዋናይ ብቻ አይደለም የሚሠራበት። መብራት የሚቆጣጠር አለ፤ አልባሳት የሚያዘጋጅ አለ፤ የመድረክ ዕቃ የሚያቀርብ አለ። አዘጋጁ እኔን «ተዋናይ ሞልቷል፤ አስታዋሽ ግን የለንም። ትሆኛለሽ?» አሉኝ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ከመጋረጃ ጀርባ ማን ያየኛል? ግን እሺ አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ተውኔቱን ይዤ እያንዳንዱን ቃል ተከተልኩ። የሁሉንም ገጸ ባሕርይ ቃል ያወቅኩት እኔ ነበርኩ።

ቴአትሩ በታየ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ያ ዓይን አፋር ልጅ መሐል ላይ ቆመና ዝም አለ። ቃሉ ጠፋበት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ቃል ብቻ በሹክሹክታ አቀበልኩት። ቀጠለ። ከተመልካቹ ማንም አላወቀም። ኦዲሽን ላይ ያቃተኝን ሹክሹክታ እዚያ ተማርኩት። ከጨረስን በኋላ ልጁ መጥቶ «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ አልቆልኝ ነበር» አለኝ።

7. ለክበባችን ያለኝ ሐሳብ

ይህን መጻፍ ትንሽ ይከብደኛል፤ ግን መጻፍ አለበት። እኛ የሚኒ ሚዲያ አባላት ለወላጆች በዓል ድራማ ስንሠራ ሚናውን እርስ በርሳችን ነው የምንከፋፈለው። ሁልጊዜ የምንታየው እኛው ነን። እኔም አንዷ ነኝ። «ለሚያውቋቸው ልጆች ነው» እየተባለ የሚታማው ወጣት ማዕከሉ ሆኖ፣ እንደዚያ የምናደርገው ግን እኛ ነን! ስለዚህ ለሚቀጥለው ድራማ ከአንድ ሳምንት በፊት ማስታወቂያ እንለጥፍ። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለ ሁሉ ይሞክር። ላልተመረጡትም ምክንያቱን እንንገራቸው፤ ሌላ ሥራም እንስጣቸው። እኔ ራሴ እንደ ማንኛውም ልጅ ተሰልፌ እሞክራለሁ። ባላልፍ አስታዋሽ እሆናለሁ፤ ሥራውን አውቀዋለሁ።

ማጠቃለያ

ኦዲሽን ማን የበለጠ እንደሚጮህ የሚታይበት አይደለም። ማን እንደሚሰማና እንደገና እንደሚሞክር የሚታይበት ነው። ክፍት ኦዲሽን ደግሞ ማንም የማያውቀው ልጅም እንዲታይ ያደርጋል። በሩ ክፍት ሆኖ እኛ ካልገባን ግን ጥፋቱ የበሩ አይደለም።

መልመጃ

ሀ) ክፍት ኦዲሽን ከሌላው በምን ይለያል?
ለ) በአዘጋጅና በአስታዋሽ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
ሐ) መነባንብ ከመሸምደዳችን በፊት የምንጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው?
መ) «ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሦስት ዓይነት ስሜት ተናገሩት። ጓደኛችሁ የትኛው ስሜት እንደሆነ ይገምት።

መልሳችሁን በሚኒ ሚዲያ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ውስጥ አስገቡ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!